የጎደሉት ዘጠኝ ሚሊሜትሮች

ሰኞ 4

ዛሬ ልጄ አሥራ አንድ ሠራተኛና አንድ አባት ሰብስባ ኢንችን ከሥራ አሰናበተች። ጡረታ እንኳን አላስከበረችለትም። ከእንግዲህ በወርክሾፓችን ያለ ማሽን ሁሉ በሚሊሜትር ይናገራል፤ በስህተት ኢንች ያለ ሰው የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ሁሉም ሳቀ። እኔም ካንገት በላይ ሳቅሁ።

ይህን ቤት የከፈትኩት ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ያገለገሉ ማሽኖች ገዝቼ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ አስገብቼ። የጠረጴዛ መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሰርሰሪያው፣ ሁሉም ቁጥራቸው በኢንች ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ቢሮውን ለልጄ አስረከብኳት። ስምምነታችን ቢሮው ያንቺ፣ ማሽኑ የእኔ የሚል ነበር። አሁን ግን እጇ ከቢሮ አልፎ መጣ። ምክንያቷ የተዋዋልነው የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሥራ ነው። ሥዕሉ በሚሊሜትር ነው የመጣው፤ እሱን ወደ ኢንች ስናባዛና ስናካፍል ቀኑ ይመሻል ትላለች። እውነቷን ነው። አልነገርኳትም እንጂ።

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ለምስክርነት ነው። ነገሩ ሲበላሽ ማን ምን እንዳለ እንዳይጠፋ። ባለ ሰፊ መስመሩን ደብተር የገዛሁት ጠባቡ ስላለቀ ነው።

ማክሰኞ 5

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው ይላል። ሃያ አምስቱስ ይሁን፤ ነጥብ አራቷ ምን ልትሠራ መጣች? ልጄን ጠየቅኋት።

«አባዬ፣ ነጥብ አራቷን ከጣልካት አሥር ኢንች ላይ አራት ሚሊ ትጎድላለህ» አለችኝ።

እንጨት ራሱ ዝናብ ሲዘንብ ከዚያ በላይ ያብጣል አልኳት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አይዘንብም አለች። ይህቺን ልጅ ኮሌጅ ልኬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም መክሰስ አልችልም።

ሐሙስ 7

በማሽኖቹ ላይ የሚለጠፉት አዳዲስ የቁጥር ቴፖች መጡ። ጉንዳን ለጉንዳን የሠራው ነው የሚመስለው። ጭረቶቹ ተጣብቀዋል፤ ፋብሪካው ቀለም ቆጥቧል መሰለኝ። ደግሞ የሥራ ጠረጴዛዬ አምፖል ሰንፏል። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከዚህ የበለጠ የሚያበራ አምፖል ሱቅ ውስጥ የለም ብሎ ማለብኝ። የዛሬ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር ከስሟል።

እራት ላይ ጋዜጣ ሳነብ ባለቤቴ ቆማ አየችኝና፣ «ክንድህ አለቀ እኮ፤ ከእንግዲህ ጎረቤት ይዞልህ ቢቆም ነው የሚሻለው» አለች። የዘንድሮ ጋዜጣ ኅትመቱ የወረደ ነው አልኳት። ከመሳቢያዋ መነጽር አወጣችና እስቲ ሞክረው አለችኝ። እኔ የሴት መነጽር አላደርግም። የወንድም አላደርግም።

ቅዳሜ 9

መሰርሰሪያውና መላጊያው ወደ ሚሊሜትር ተቀየሩ። መላጊያው ጣጣ አለው፤ እጀታው አንድ ዙር ሲዞር የሚወርደው በኢንች ልክ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ መለጠፍ አይበቃም፤ ውስጡ ያለው ብሎንም መቀየር አለበት። ልጄና መካኒኩ ግማሽ ቀን ታግለው ገጠሙት። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ጠበቅኋቸው። አንድ ስህተት አላገኘሁባቸውም፤ ምሳ አልበላ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከተከመረው ጣውላ ጀርባ ሆኜ ሁለት ሠራተኞች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ፣ «ሽማግሌው በእጁ ነው የሚያየው» አለ። ሌላኛው፣ «አዎ፣ በእጁ ብቻ» አለ። ፊት ለፊት ባይሉኝም ሙያ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ደስ ይላል።

መጋዙን የምለጥፈው እኔ ነኝ ብዬ አስታወቅሁ። ልጄ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ማስመሪያ ይዤ ላግዝህ አለች። አንቺ ጥርስ ሳታወጪ እኔ እንጨት እቆርጥ ነበር አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አልወደውም።

ሰኞ 11

መጋዙ አለቀ። በአሥራ አንድ ደቂቃ! መላጊያው ግማሽ ቀን እንደፈጀ ከላይ ጽፌያለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

እንዴት እንደሠራሁት ለትውልድ ይቀመጥ። ጣውላው ተደግፎበት የሚሄደው ብረት አለ፤ መደገፊያ እንለዋለን። እሱ ከመጋዙ ጥርስ ምን ያህል እንደራቀ ከፊቱ ባለው ሐዲድ ላይ አንዲት መርፌ ቁጥር ታሳያለች። መደገፊያውን አንድ ቦታ ታቆማለህ፤ ርቀቱን በማስመሪያ ትለካለህ፤ መርፌዋ ያንኑ ቁጥር እንድታሳይ አድርገህ ቴፑን ትለጥፋለህ። በቃ።

ለካሁ ስል ግን እንደ ማንም አይደለም። ያስተማሩኝ ጌታዬ፣ የማስመሪያ ጫፍ ይበላል፣ ጫፉን ያመነ ሥራውን ያበላሻል ይሉ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ቁጥር ትጀምርና መጨረሻ ላይ አንድ ትቀንሳለህ። አንዱን ዝለል፣ አንዱን መልስ። ይህቺን እስክይዝ ድረስ ጣቶቼን በዚያው ማስመሪያ አሳብጠውኛል። ልጄ የሰጠችኝ አዲስ የብረት ማስመሪያ ጫፉ ገና አልተበላም፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። የመጀመሪያዋን ቁጥር ዘለልኩ። ሦስት መቶ አሥር አለኝ። አንዱን መለስኩ፤ ሦስት መቶ ዘጠኝ። መርፌዋን ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ አድርጌ ለጠፍኩት። አንዲት እንከን የለውም።

ማክሰኞ 12

መጋዙ ላይ የሚሠራውን ሰው ዝግታ እንለዋለን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አንድ ጣውላ ለመቁረጥ ሁለቴ ይለካል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይለካል። አሥራ ሰባት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። ጠዋት መጣና፣ «ጋሼ፣ የመጋዙ ቁጥር ትንሽ የሸሸ መሰለኝ። በሜትሬ ስለካው ሌላ ነው የሚለኝ» አለ።

ደሜ ፈላ። «ሜትርህን ጣለውና በቁጥሩ ቁረጥ። እኔ የለጠፍኩትን አንተ ልታርምልኝ ነው?»

«እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። መላጊያው እየጮኸ ስለነበር ማንም አልሰማም። ለእሱ ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሐዲዱ ላይ አጎንብሷል። እያንጎላጀ መሰለኝ።

ዓርብ 15

ጥድፊያ። 180 የመደርደሪያ ጣውላ። ስፋት 450። ሰጋቱራው ዓይኔ ውስጥ። ሻይ ሦስቴ ከፈልኩ። ኢንች የምትለው ቃል አፌን አልለቅ አለች።

ረቡዕ 20

ጣውላዎቹ ተቀብተው፣ ደርቀው፣ ተጭነው ሄዱ። ሁለት ሠራተኞች የመደርደሪያዎቹን ማቀፊያዎች እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲያቆሙ ሰንብተዋል። ጣውላ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ልጄ ጉንጬን ሳመችኝና፣ «አየህ፣ ተቻለ አይደል?» አለች። መጋዙ ጥሩ ሠራ አልኳት።

ሰኞ 25

ጉድ ፈላ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መምህራኑን ሰብስቦ ቤተ መጻሕፍቱን ሊመርቅ ቆሟል። ማቀፊያው ከውስጥ በየጎኑ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሉት፤ ጣውላው በእነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሠራተኞቻችን ጣውላዎቹን ሲያስገቡ ጠበብ ማለታቸውን አይተዋል፤ ሚሊሜትር እንዲህ ነው ብለው አለፉት። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፣ ትልቁን መዝገበ ቃላት አነሳ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ይሁን ብሎ አስቀመጠ። ጣውላው በአንድ በኩል ከጥርሱ ላይ ሾለከ። መዝገበ ቃላቱ ከነቃላቱ የዳይሬክተሩ እግር ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የተናገረው መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሌለ ነው አሉ።

ልጄ ስትመለስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ 26

መቶ ሰማንያዎቹም ተለኩ። ሁሉም እኩል ዘጠኝ ሚሊሜትር ይጎድላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሃያ ቀን ሰጥቶናል፤ ካለዚያ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ይህ ከተሰጠ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የሌሎች ሦስት ትምህርት ቤቶች ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ልጄ ሁላችንም ፊት ዝግታን ጠየቀችው። «በቁጥሩ ነው የቆረጥኩት» አለ። ቁጥሩን በሜትርህ አላመሳከርከውም ወይ አለችው።  ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነብ ነበር። 25.4።

መጋዙ ሰኞ ዕለት ሁሉም ባለበት እስኪፈተሽ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ዝግታም እስከዚያው ቤቱ ይቀመጥ ተባለ። መጋዙ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ተሰቅሏል፤ ፊደሉ የክንዴን ያህል ነው። አምፖሉ ዛሬ ደህና ያበራል።

ረቡዕ 27

ዝግታ ቤት ውስጥ ችግር ይኖርበት ይሆናል፤ ሐሳቡ የተበተነ ሰው ይሳሳታል። ወይም ምላጩ ተቀይሮ ይሆናል። ወይም ቀለሙ ጣውላውን አኮማትሮት ይሆናል። ዘጠኝ ሚሊ? እንጃ። ባለቤቴ ምን እንደሚያብሰለስለኝ ጠየቀችኝ። ጉልበቴን ነው አልኳት።

እሑድ 1

ቁልፉ አሁንም አለኝ። ባለቤቴ በመርፌ ክር የምታስገባበትን ማጉያ መስታወት ኪሴ ከትቼ ብቻዬን ወርክሾፕ ገባሁ። አይነካ የሚለውን ወረቀት ገለል አድርጌ መደገፊያውን እንደ ሰኞው አቆምኩና በማስመሪያው ለካሁ። በማጉያው የመጀመሪያዋን ቁጥር አየኋት።

አንድ አይደለችም። አሥር ናት።

አሥር ዘልዬ አንድ ነው የመለስኩት፤ ትክክለኛው ርቀት ሦስት መቶ ነበር። ጌታዬ አንዱን ዝለል ያሉኝ የኢንቹን አንድ ነው፤ ይህ ማስመሪያ አንድ የሚል ቁጥር የለውም፣ አሥር ብሎ ነው የሚጀምረው። ዘጠኙ ሚሊ የት እንደገባ አገኘሁት። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያደረግኩትን እጽፋለሁ፤ ይህ ደብተር ለምስክርነት ነው ብያለሁና። ቴፑን ልጬ አነሳሁት፤ ሙጫው አዲስ ስለሆነ በደንብ ተላቀቀ። መርፌዋ ሦስት መቶ ላይ እንድትቆም አድርጌ መልሼ ለጠፍኩት። በጨርቅ አበስኩት። ወረቀቱን ሰቀልኩ። ማሽን ማስተካከል ወንጀል አይደለም። የተበላሸ ነገር አይቶ ዝም የሚል አናጢ ነው ወንጀለኛ።

ሰኞ 2

ፍተሻው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተደረገ። ልጄ መርፌዋን 450 ላይ አድርጋ ቆረጠች፤ ለካች፤ 450 ሆነ። ደግማ ቆረጠች፤ 450። መካኒኩ፣ «እንግዲህ መጋዙ ንጹሕ ነው» አለ። ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ልጄ መጋዙን ሳታጠፋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ዝግታን ማሰናበት እንዳለባት ማታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ካገለገለ ሰው ጋር እንዴት እንደምትነጋገር እንድነግራት ትፈልጋለች።

ምን እንዳልኳት? ቀስ ብለሽ ንገሪው አልኳት።

ትናንት እጄ ያስተካከለው መጋዙን ነው፤ የቀበረው ግን ሰውየውን ነው።

ማክሰኞ 3

አልሠራሁም። ጉልበቴ።

ረቡዕ 4

ዝግታ መሣሪያዎቹን ሊወስድ መጣ። እርሳሶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ሜትሩን ቀበቶው ላይ ሰካ። እያንዳንዱን ሰው ጨበጠ። እኔ ጋ ሲደርስ በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን ይጠብቁ» አለኝ።

አንድ ቃል ቢናገር እኮ ይበቃው ነበር። ነግሬያቸው ነበር፣ ሜትርህን ጣለው አሉኝ ቢል ሁሉ ነገር ይገለበጥ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አንተም በርታ አልኩት።

ሐሙስ 5

ጠዋት ባለቤቴ ሻዩን አስቀምጣ ሳትሄድ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ማጉያዬን ከኮትህ ኪስ ውስጥ አገኘሁት፣ ሰጋቱራ ሞልቶታል አለች።  ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ጌታዬን፣ አሥሯን፣ አንዷን፣ ዝግታ ማክሰኞ ዕለት ያለኝንና የመለስኩለትን፣ ማጉያውን፣ ሙጫውን። ማሳጠር አልቻልኩም። እርሳሷን አስቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«እሑድ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፣ አባዬ።»

ቀኖቹን በጣቶቼ ቆጠርኩ፤ አራት። 

ትናንት እጁን ስትጨብጠውም ታውቅ ነበር ማለት ነው አለች። አዎ አልኩ። ልጄ እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ መጨረሻዋ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በእኔ እጅ እንዳለም አውቃለሁ።

ማሽኖቹ ይቁሙ ብዬ አሥሩን ሰዎች ሰበሰብኩና ለእነሱም ነገርኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለማዘዝ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የቆምኩት። መካኒኩ አንገቱን ደፋ። በእጁ ነው የሚያየው ያለው ልጅ ወደ ጣሪያው አየ። ያን ቀን ያልገባኝ ንግግር ዛሬ ገባኝ። የቀረ የሚገባኝ ነገር ካለ ቶሎ ይምጣ።

ቅዳሜ 7

ዝግታ ቤት ሄድኩ። ልጄ አብሬህ ልሂድ አላለችም፤ ይህን ብቻህን ነው አለች። ሚስቱ በሩን ከፈተችና ማንነቴን ስታይ ፊቷን አጠቆረች። ፈረድኩላት። ትንሿ ልጁ ወለሉ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ማስመሪያ ይዛለች፣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ቆሜ ነው የጠየቅሁት፤ ተቀመጡ ቢለኝም አልተቀመጥኩም። ሰኞ እንዲመለስ፣ የታገደባቸው ቀናት ሙሉ እንደሚታሰቡለት፣ የማሽኖቹ ኃላፊነትም ከእንግዲህ የእሱ እንደሆነ ልጄ የላከችውን መልእክት ነገርኩት። 

ለምን አልተናገርክም አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ልጅዎት ፊት እንዴት ብዬ አለ። ከዚያ የሚከተለውን አለኝ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ደግሞ ጽፌልዎት ነበር እኮ ጋሼ። አይተው ያለፉት ነው የመሰለኝ። አይተው ካለፉት እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው።»

ምን እንደጻፈልኝ፣ የት እንደጻፈልኝ አልጠየቅሁትም። አፈርኩ። አዎ፣ አዎ እያልኩ ወጣሁ።

ሰኞ 9

መነጽር ሠሪዋ ወጣት ናት። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝና ትንሽ ማስመሪያ አፍንጫዬ ላይ አጋደመች፤ በሁለቱ ዓይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ልትለካ ነው። «ስልሳ ሦስት» አለችና ጻፈች። ስልሳ ሦስት ምን ብዬ ጠየቅኋት። ሚሊሜትር አለች፤ ሌላም አለ እንዴ በሚል ዓይን። ከየትኛው ቁጥር ነው የጀመርሽው አልኳት። ፈገግ አለች፤ የሽማግሌ ቀልድ መስሏት ይሆናል።

የተዘጋጀ መነጽር ስለነበራት ወዲያው አድርጌ ወጣሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዬን ነው፤ ማሰሪያው ሌላና ሌላ ቀለም ነው። ከዚያ ይህን ደብተር አየሁት። ፊደሎቼ መስመሩን ለቀው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል። ምስክር ብዬ ያስቀመጥኩት በእኔው ላይ ሲመሰክር ነው የከረመው።

ወርክሾፕ ስገባ አዲሶቹ ጣውላዎች እየተቆረጡ ነበር። ያጠሩትን ለአንድ ክሊኒክ የመድኃኒት ሳጥን ልናደርጋቸው ነው፤ ሰባት ቀን ቀርቶናል፣ ይደርሳል ይላሉ። ዝግታ መጋዙ ላይ ቆሟል። አንዴ ይለካል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይለካል። ማንም አይቸኩልበትም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። መነጽሬን አየና ገለል ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

ሐዲዱን አጎንብሼ አየሁት። ከቴፑ በታች፣ ብረቱ ጠርዝ ላይ፣ ፀጉር የምታህል የእርሳስ መስመር አለች። እሑድ ዕለት በጨርቅ ስጠርገው ያለፍኩት ቦታ ነው። ማጉያው እጄ ላይ ነበር፤ ወደዚያ ግን አላዞርኩትም። መስመሯ አጠገብ የዝግታ እጅ በጻፈው፣ የጉንዳን ጽሑፍ በሚመስል ጥንቅቅ ያለ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ልኩ እዚህ መሰለኝ። ይዩት እስቲ። ማክሰኞ 12።»

እርሳሱን ከዝግታ ጆሮ ላይ ተበደርኩ። ከሥሩ «አየሁት። ሰኞ 9» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ከእሱ ፊደል አራት እጥፍ ይበልጣል።